የጠፋው አንድ ሚሊሜትር፦ ኢንክስኬፕ ከገጽ ጠርዝ ጋር ሲጋፈጥ

ሥራው ሰርተፍኬት ነበር። ዙሪያውን 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሰማያዊ ክፈፍ፣ መሀል ላይ ስም የሚጻፍበት ቦታ፣ ታች ሁለት የፊርማ መስመር። ቀላል ነገር። ክፈፉን ከገጹ ጠርዝ ጋር አስጠጋሁት። ቁጥሮቹን አየሁ። ኤክስ ዜሮ፣ ዋይ ዜሮ፣ ስፋት 210፣ ቁመት 297 ሚሊሜትር። ልክ እንደ ኤ4 ወረቀቱ። ከዚህ በላይ ምን ትክክል አለ? ፒዲኤፉን ላክሁና ተኛሁ።

ናሙናው ሲመጣ ክፈፉ ከስቷል። በግራ በኩል ግማሹ የለም። በቀኝ በኩል ደግሞ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ነው ያለው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የጠረጠርኩት ማተሚያ ቤቱን ነው። ስልኩን አንስቼ ነበር። ደግነቱ ከመደወሌ በፊት ፋይሉን ከፈትኩት። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ተገኘ። ፕሮግራሙ ያዘዝኩትን ሳያዛንፍ ፈጽሟል። ምን እንዳዘዝኩ ያላወቅሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ኢንክስኬፕ ሁሉንም ነገር አልጽፍም። ስለ ብሩሹ፣ ስለ ግራዲየንቱ፣ ስለ አዶዎቹ ውበት ሌላ ሰው ይጻፍ። እኔ የምገመግመው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድን ነገር ከገጽ ጠርዝ ጋር ልክ ማስገጠም። ተራ ነገር ይመስላል። ግን ቢዝነስ ካርድ፣ ፖስተር፣ መጋበዣ፣ የመጽሐፍ ሽፋን የሚሠራ ሰው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያደርገው ያውቀዋል።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ፦ ኢንክስኬፕ ነፃ የቬክተር፣ ማለትም በመስመርና በቅርጽ የሚሠራ ሥዕል፣ መሥሪያ ነው። በ2003 ሶዲፖዲ ከሚባል ፕሮግራም ተገንጥሎ ወጣ። ስሪቱ 1.0 ለመባል እስከ 2020 ቆየ። እኔ የያዝኩት ገና 0.92 እያለ ነው። ስለዚህ አሁን የማወራው እንደ እንግዳ አይደለም፣ እንደ ቤተሰብ ነው። ቤተሰብ ደግሞ ያማል።

ነገሮችን ከሚያሰልፈው ከአላይን መስኮቱ እንጀምር። ሺፍት፣ ኮንትሮልና «ኤ» (A) አንድ ላይ ስትጫኑ ይከፈታል። እዚያ ውስጥ «ሪላቲቭ ቱ» የሚል ምርጫ አለ። ከምን አንጻር ላሰልፍ? እያለ ነው። መጨረሻ ከተመረጠው፣ መጀመሪያ ከተመረጠው፣ ከትልቁ፣ ከትንሹ፣ ከገጹ፣ ከሥዕሉ በሙሉ፣ ወይም ከተመረጡት ነገሮች ክልል አንጻር። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው «ፔጅ» የሚለው ነው። እሱን መርጣችሁ የግራውን ቁልፍ ስትጫኑ ነገሩ ከገጹ ግራ ጠርዝ ጋር ይጣበቃል። የላዩን ስትጨምሩ ጥጉን ይይዛል። ሁለት ክሊክ፣ አለቀ። ማውዝ ይዞ ዓይን አጥብቦ መጎተት የለም።

ችግሩ ያቺን ምርጫ ያላያት ሰው ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ መርጣችሁ ምርጫው «ሰሌክሽን ኤሪያ» ላይ ከሆነ፣ ቁልፉ እስኪነቀል ብትጫኑት ምንም አይንቀሳቀስም። ምክንያቱም ከራሱ ጋር ነው የሚሰለፈው። ከራሱ ጋር ደግሞ ድሮም ተሰልፏል። ስህተት ነው ብሎ አይነግራችሁም፣ ዝም ነው። አንድ ጓደኛዬ ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ብሎ አራግፎ እንደገና ጭኖታል። አልሳቅሁበትም። እኔም አንድ ሰሞን እዚያው ነበርኩ።

ሁለተኛው ወጥመድ ከዳር ያሉት ቁልፎች ናቸው። በግራ በኩል መጀመሪያ የምትገኘው ቁልፍ ነገሩን ከገጹ ግራ ጠርዝ ጋር ታስገጥመዋለች፣ ግን ከውጭ በኩል። የነገሩ ቀኝ ጎን ከገጹ ግራ ጎን ጋር ይገናኛል ማለት ነው። ጥቅም አላት፤ ገጽ ላይ የማይታይ ማስታወሻ ከጎን ለማስቀመጥ እጠቀምባታለሁ። ግን ለጀማሪ ነገሩ ብድግ ብሎ ከገጹ ሲወጣ ያስደነግጣል። የቁልፎቹ ሥዕል ትንሽ ስለሆነ ማውዙን አሳርፎ ጽሑፉን ማንበብ ይሻላል።

ሦስተኛው፦ ብዙ ነገር በአንድ ላይ መርጣችሁ ወደ ግራ ጠርዝ ብትልኳቸው እያንዳንዱ ለብቻው ይሄዳል። አርማው፣ ስሙ፣ ስልክ ቁጥሩ ሁሉም ግራ ጠርዝ ላይ ይደረደራሉ፤ በመካከላቸው የነበረው ርቀት ድራሹ ይጠፋል። እንደ አንድ ቡድን ቁጠራቸው የሚል ምልክት እዚያው መስኮት ላይ አለ። እኔ ግን ኮንትሮልና ጂ ብዬ ግሩፕ አድርጌ ነው የማንቀሳቅሳቸው። የቆየ ልማድ ነው።

እስካሁን ያልኳቸው በሁለት ቀን ይለመዳሉ። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ክፈፌን ወዳከሳው።

ቬክተር ላይ መስመር ስትሰጡ ውፍረቱ ከፓዙ፣ ማለትም ቅርጹን ከሚወስነው የማይታይ መንገድ፣ ግራና ቀኝ እኩል ይከፈላል። 2 ሚሊሜትር ማለት 1 ወደ ውስጥ፣ 1 ወደ ውጭ ማለት ነው። እንግዲህ የክፈፉ ጠርዝ የቱ ነው? ዓይን የሚያየው የቀለሙ መጨረሻ ነው? ወይስ መሀል ላይ ያለው፣ ውፍረት የሌለው ፓዝ? ለሰው የሞኝ ጥያቄ ይመስላል። ለፕሮግራሙ ግን ሁለት የተለያየ መልስ አለው።

ኢንክስኬፕ ሁለቱንም ያውቃል። ኤዲት ሜኑ ውስጥ ፕሪፈረንስ፣ ከዚያ ቱልስ የሚለውን ክፈቱ። ሁለት ምርጫ ታገኛላችሁ፦ «ቪዥዋል ባውንዲንግ ቦክስ» እና «ጂኦሜትሪክ ባውንዲንግ ቦክስ»። ባውንዲንግ ቦክስ ማለት አንድ ነገር ስትመርጡ ዙሪያውን የሚከበው የነጠብጣብ ሳጥን ነው። አላይን የሚያደርገው፣ ኤክስና ዋይ የሚቆጥረው፣ ሁሉም በዚያ ሳጥን ነው። ቪዥዋል የመስመሩን ውፍረት ጨምሮ የሚታየውን ሁሉ ይከብባል። ጂኦሜትሪክ ፓዙን ብቻ ይለካል። ፕሮግራሙ ሲጫን ቪዥዋል ላይ ነው የሚመጣው።

የእኔ ጂኦሜትሪክ ላይ ነበር። ከብዙ ጊዜ በፊት አዶ ስሠራ ፓዞቹ ግሪዱ ላይ ልክ እንዲያርፉ ብዬ ቀይሬው ረስቼዋለሁ። ስለዚህ «ዜሮ» ሲለኝ ፓዙ ዜሮ ላይ ነው ማለቱ ነበር። የመስመሩ ግማሽ፣ ማለትም 1 ሚሊሜትር፣ ከገጹ ውጭ ወድቋል። ኢንክስኬፕ በስክሪን ላይ ከገጹ ውጭ ያለውንም ስለሚያሳይ ክፈፉ ሙሉ ሆኖ ነው ያየሁት። ፒዲኤፉ ግን ገጹን ብቻ ይዞ ሄደ።

ነገሩን በደንብ ለማየት ከፈለጋችሁ ሺፍት፣ ኮንትሮልና ኤክስ ተጫኑ። የኤክስኤምኤል መስኮቱ ይከፈታል። ኤስቪጂ፣ ኢንክስኬፕ ሥራውን የሚያስቀምጥበት ፋይል፣ በመሠረቱ ጽሑፍ ነው፤ የሳጥናችሁ ትክክለኛ ቁጥር እዚያ ተጽፏል። የእኔ ክፈፍ ኤክስ 0፣ ዋይ 0፣ ስፋት 210፣ ቁመት 297 ይል ነበር። ወደ ቪዥዋል መልሼ እንደገና ገጹን ሞልቶ እንዲቀመጥ ሳደርገው ቁጥሮቹ ተቀየሩ፦ ኤክስ 1፣ ዋይ 1፣ ስፋት 208፣ ቁመት 295። ላይኛው ባር ላይ ግን አሁንም ዜሮ፣ ዜሮ፣ 210፣ 297 ነው የሚለው። ያው ዜሮ ሁለት ትርጉም አለው። ይህን በዓይኔ ሳየው ነው ነገሩ የገባኝ።

አሁን ወቀሳዬን ልናገር። ይህ ምርጫ ያለው ፋይሉ ውስጥ አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ፋይሉን ለሌላ ሰው ስትልኩ ምርጫው አብሮ አይሄድም። ምርጫዬን ከማስተካከሌ በፊት ያንኑ ሰርተፍኬት አብራኝ ለምትሠራ ልጅ ልኬላት በስልክ እየተነጋገርን ነበር።

«ኤክሱ ስንት ነው?» አልኳት።

«ኔጌቲቭ 1።»

«እንዴ፣ እኔ ጋ እኮ ዜሮ ነው።»

«ስፋቱም 212 ነው የሚለኝ። ነካክተኸዋል እንዴ?»

ማንም አልነካካውም። አንድ ፋይል ነው፣ ሁለት ማስመሪያ። እሷ ቪዥዋል ላይ ናት፣ እኔ ጂኦሜትሪክ ላይ። ሃያ ደቂቃ ያህል እርስ በእርስ ስንጠራጠር ቆየን። ይህን የሚያህል ወሳኝ ነገር ከፕሪፈረንስ ጓዳ ወጥቶ እዚያው አላይን መስኮት ላይ፣ «ፔጅ» ከሚለው ጎን መቀመጥ ነበረበት ባይ ነኝ። ቢያንስ ቁጥሩ አጠገብ ትንሽ ምልክት። ሌላው የቬክተር ፕሮግራም፣ አዶቢ ኢለስትሬተርም፣ ተመሳሳይ ምርጫ አለው፤ «ዩዝ ፕሪቪው ባውንድስ» ይለዋል። እዚያ ግን ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ ማለትም ልማዱ የኢንክስኬፕ ተቃራኒ ነው። ከአላይን ፓነሉ ሜኑ ላይም ይገኛል። ከኢለስትሬተር ወደ ኢንክስኬፕ የመጣ ሰው እጁ የለመደው ስሌት የሚዛባው ለዚህ ነው።

ታዲያ ቪዥዋል ላይ አድርጎ መርሳት ነው? ባብዛኛው አዎ። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ብዥ ያለ ጥላ ያለው ነገር ካላችሁ ቪዥዋል ጥላውንም ይቆጥራል። የብዥታው መጨረሻ ደግሞ ለዓይን ከሚታየው ይርቃል። እንዲህ ያለውን ሳጥን ከቀኝ ጠርዝ ጋር አስገጥም ብትሉት ጠርዙን የሚነካው ጥላው ነው፤ ሳጥኑ ራሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቆማል። ሰው አይቶ «ይሄ ነገር አልገጠመም» ይላል፣ ልክም ነው። እኔ ጥላውን ለብቻ ቅጂ አድርጌ እሠራዋለሁ፤ መጀመሪያ ዋናውን አስገጥሜ ጥላውን ከኋላ አስከትላለሁ።

ጂኦሜትሪክም የራሱ ጉድ አለው። ፎቶ በክሊፕ፣ ማለትም ከቅርጹ ውጭ ያለውን በሚደብቅ ቅርጽ፣ ስትቆርጡ ለዓይን የሚታየው የተቆረጠው ቁራጭ ነው። ጂኦሜትሪክ ግን ክሊፑን አይቆጥርም፤ የተደበቀውንም የፎቶ ክፍል ይለካል። ጠርዝ ላይ አድርገው ስትሉት የማይታየው ጠርዝ ይሄድና ይገጥማል። ፎቶው መሀል ሜዳ ላይ ተንሳፎ ይቀራል። ለፎቶ ሥራ ቪዥዋል ይሻላል፣ ያለ ክርክር።

ቁጥር በእጅ ማስገባትን እወዳለሁ። ሰሌክተሩን፣ የመምረጫ ቀስቱን፣ ስትይዙ ላይኛው ባር ላይ ኤክስ፣ ዋይ፣ ስፋት፣ ቁመት አሉ። አሃዱን ሚሊሜትር አድርጋችሁ ዜሮ ጻፉ፣ ኢንተር። ሳጥኖቹ ሒሳብ ያውቃሉ፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ኤክስ ላይ 210-64.5 ብላችሁ ብትጽፉ ራሱ ቀንሶ ያስቀምጠዋል። ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ኤክስ የሚቆጥረው የነገሩን ግራ ጎን ነው። 64.5 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ነገር ቀኝ ጠርዝ ላይ ለማስቀመጥ መቀነስ አለባችሁ። ኢለስትሬተር ላይ ዘጠኝ ነጥብ ያላት ትንሽ ካሬ አለች፤ የትኛውን ጥግ እንደሚለካ ትመርጡበታላችሁ። እኔ የምሠራበት ኢንክስኬፕ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ባሩ ላይ የለም። ናፍቃኛለች።

አንዳንዴ ኤክሱ «-0.000» ይላል። ኔጌቲቭ ዜሮ! መጀመሪያ ያየሁት ቀን ግራ ገብቶኝ ሦስት ጊዜ ዜሮ ጻፍኩበት። አትጨነቁ። ከዜሮ እጅግ በጣም ትንሽ የወረደ ቁጥር ተጠጋግቶ ሲጻፍ ነው እንዲያ የሚሆነው። የትኛውም ማተሚያ አያየውም።

የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። ለወረቀት እየሠራችሁ አሃዱን ፒክስል ላይ ከተዋችሁት ቁጥሮቹ አይሞሉም። ኢንክስኬፕ ከ0.92 ጀምሮ በአንድ ኢንች 96 ፒክስል ነው የሚቆጥረው። በዚህ ስሌት የኤ4 ስፋት 793.701 ፒክስል ነው። አንዱ ንፁሕ ቁጥር ይወዳልና 794 ብሎ ይሞላዋል፤ በዚያኛው በኩል ጠርዙን አለፈ። ሌላው 793 ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ጠርዙ ላይ ነጭ ክር ቀረች። ለወረቀት ሚሊሜትር፣ ለስክሪን ፒክስል። በቃ።

የድሮ ማስተማሪያ እያነበባችሁ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከ1.0 በፊት ዋይ ከታች ወደ ላይ ነበር የሚቆጠረው፤ ዜሮው የገጹ ታች ግራ ጥግ ነበር። ከ1.0 ወዲህ ዜሮው ላይኛው ግራ ጥግ ነው፣ ወደ ታች ይቆጥራል። «ዋይን ዜሮ አድርግ፣ ታች ይቀመጣል» የሚል ምክር ካገኛችሁ ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፣ ምክሩ አርጅቷል።

በማውዝ እየጎተቱ ማስገጠም ለሚወድ ስናፕ አለ፤ ነገሩ ሲቀርብ ራሱ ስቦ ያጣብቀዋል። የፐርሰንት ምልክቷን ስትጫኑ ይበራል፣ ይጠፋል። 1.2 ላይ መቆጣጠሪያዎቹን ላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ ሰብስበዋቸዋል፤ ከድሮው የአዶ ሰልፍ በጣም ይሻላል። የገጹ ጠርዝ ላይ እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል፣ ሲይዝም ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ግን ገጹ ላይ ብዙ ነገር ካለና ዙሙ ከራቀ፣ ጠርዙን የያዘ መስሏችሁ የጎረቤቱን ጥግ ይዞ ይገኛል። እኔ በስናፕ ካስገጠምኩ በኋላ ቁጥሩን ሳላይ አልለቅም። በቀስት ቁልፍ ገፋ ገፋ ማድረግም አለ። አልት ይዛችሁ ቀስት ስትጫኑ የሚሄደው አንድ የስክሪን ፒክስል ነው፤ ዙም ስታደርጉ እርምጃው ያጥራል፣ ስትርቁ ይረዝማል። ለዓይን ማስተካከያ ቆንጆ ነው። ለጠርዝ ግን አላምነውም።

አቋራጭ ቁልፍ ላይ ኮረልድሮው በሚባለው ሌላ የሥዕል ፕሮግራም እቀናለሁ። እዚያ «ፒ» (P) ስትጫኑ ነገሩ ገጹ መሀል ላይ ቁጭ ይላል። አንድ ፊደል! ኢንክስኬፕ ላይ ኮንትሮልና አልት ይዞ ጎን ያለውን የቁጥር ሰሌዳ መነካካት ነው። ሰሌዳ የሌለው ላፕቶፕ የያዘ ሰው መስኮቱን ከፍቶ ይሥራ።

ወደ ሰርተፍኬቱ ልመለስ፤ ቪዥዋሉን ካስተካከልኩ በኋላም ነገሩ አላለቀም ነበር። ቀኙ ለምን ከግራው ቀጠነ? መስመሩ እኮ በአራቱም በኩል እኩል ነው ከገጹ የወጣው። መልሱ ቢላው ነው። ማተሚያ ቤት በትልቅ ወረቀት ያትምና ይቆርጣል። ቢላው ደግሞ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊሜትር ወዲያ ወዲህ ቢል ማንም አይገርመውም። ስለዚህ ልክ ጠርዙ ላይ የተቀመጠ ቀጭን ክፈፍ የቱንም ያህል በትክክል ቢቀመጥ ሲቆረጥ ያጋድላል። ኢንክስኬፕ እዚህ ላይ ምንም ሊያደርግልኝ አይችልም ነበር።

ጠርዝ ድረስ የሚሄድ ቀለም ከሆነ መፍትሔው ብሊድ ነው፤ ጀርባውን በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ያህል ከገጹ ማስወጣት። ኤ4 ላይ ኤክስ -3፣ ዋይ -3፣ ስፋት 216፣ ቁመት 303። ከ1.3 ጀምሮ የፔጅ መሣሪያው ላይ ማርጅን (የውስጥ ኅዳግ) እና ብሊድ ማስገባት ይቻላል፤ መስመሩ ስክሪኑ ላይ ይታያችኋል። አሪፍ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ጋይድ የሚባሉትን የመለኪያ መስመሮች እየጎተትኩ፣ እያንዳንዱን ሁለቴ ክሊክ አድርጌ ቁጥር እየጻፍኩ ነበር የምሠራው።

ውጤት ስጥ ካላችሁኝ፣ ለልኩ ትክክለኛነት ከአምስት አምስት እሰጠዋለሁ። ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥርና ያዘዝኩት ቁጥር አንድ ነው፣ በዚህ አልታማም ይላል፣ አይታማም። ለግልጽነቱ ግን ሁለት ከግማሽ፣ እሱም ስለምወደው። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ስጭነው አሁን መጀመሪያ የምከፍተው ያቺን የቱልስ ገጽ ነው።

ሰርተፍኬቱን እንደገና ሠራሁት። ክፈፉን ጠርዙ ላይ ከማስቀመጥ 5 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ አስገባሁት። ኤክስ 5፣ ዋይ 5፣ ስፋት 200፣ ቁመት 287፣ በቪዥዋል። ሁለተኛው ናሙና ሲመጣ ማስመሪያ አወጣሁና ለካሁ። ግራ 5። ቀኝ 4 ከግማሽ። ናሙናውን ለአብሮ አደጌ ሰጠኋትና ያጋድላል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አገላብጣ አየችውና «ፊርማው የት ነው የሚያርፈው?» አለችኝ።